ለልጁ ማን ቀዳለት?

በማስተምርበት ትምህርት ቤት በዓመት አንዴ «የአደንዛዥ ዕፅ ግንዛቤ ማስጨበጫ» የሚባል ፕሮግራም ይደረጋል። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ተማሪው በሰልፉ እንደቆመ ይቆያል። የተጋበዙት እንግዳ ማይኩን ይይዙና ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ካናቢስ እያሉ ስም ይዘረዝራሉ። ባነሩ ላይ ጥርሳቸው የረገፈ፣ ዐይናቸው የጎደጎደ ፈረንጆች ፎቶ አለ። ፀሐዩ ይበረታል፣ አንድ ሁለት ልጅ ያዞረዋል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ክፍል እንገባለን። በቅርቡ ከእንዲህ ያለው ፕሮግራም ወጥቼ አሥራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ ላስተምር ስገባ «ጥያቄ ያለው አለ?» አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዱ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ኮኬይን ግራሙ ስንት ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልጁ ግን የቀለደ ቢመስልም ነገሩን በትክክል አስልቶታል። ዋጋው ከታክሲና ከሳምቡሳ ከሚተርፈው ብር ጋር እንደማይገናኝ ገብቶታል፤ ስለዚህ እንግዳው ጠዋት ሙሉ የተናገሩት ስለ ሌላ ሰው ነው። እሱ የሚያውቀው የድራፍትን ዋጋ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ድራፍት የሚቀዳባቸውን ቤቶች ከነአስተናጋጆቻቸው ስም ሊነግራችሁ ይችላል። ስለ እነዚያ ቤቶች ደግሞ በዚያ ማይክ አንድም ቃል አልተነገረም።

ስለ ወጣቶች ሱስ በተነሣ ቁጥር የምናወራው ስለ ልጁ ነው። ስለ አቻ ግፊት፣ ስለ ፊልም፣ ስለ ቲክቶክ፣ ስለ ዘመኑ ልጆች ስድነት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ቢራ አይጠምቅም፤ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ግሮሰሪ አይከፍትም፤ ጫት በመኪና ጭኖ ከአወዳይ አያመጣም፤ ኮኬይን በሻንጣ ደብቆ ውቅያኖስ አያሻግርም። እጁ ላይ የደረሰውን ሁሉ የሰጠው አዋቂ ነው። እንደ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለ ልጁ አንጎልና ጉበት የምለው አለኝ፤ እላለሁም። ነገር ግን ጠብ የምፈልገው ከልጁ ጋር ሳይሆን ከቀጂው ጋር ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ትምባሆንም እንዲሁ። ያው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ይኼኛው በእርግጥ ተፈጽሟል። የረሳ ካለ ላስታውስ፤ ከዚያ በፊት ከዜናውም ከድራማውም መካከል አረፋ የደፈቀ ብርጭቆ ሳይገባ እራት አንበላም ነበር። የስምንት ዓመት ልጆች የቢራ ዘፈን በቃላቸው ይዘው ይዘፍኑ ነበር። ከዚያ ጠፋ። የጠፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጣቢያዎቹ ይቆጠራሉ፤ ፈቃድ የሚሰጣቸው መሥሪያ ቤት ይታወቃል፤ አንዱ ቢያጠፋ ማግስቱን ይጠራል። የዕድሜው ድንጋጌ ግን የሚፈጸመው በየሰፈሩ ባንኮኒ ላይ ነው። እዚያ «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዳንዱ ቤት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሹራቡን እንዲያወልቅ። ዩኒፎርሙ ቦርሳ ውስጥ ከገባ ልጁ ደንበኛ ነው።

21 የሚለው ቁጥር በስታፍ ክፍላችን ሳይቀር ሰዎችን ያስቃል። «በ18 ዓመቱ ይመርጣል፣ ወታደር ይሆናል፣ ቢራ ግን ተከለከለ?» ይሉኛል ባልደረቦቼ። መልሴ ከምርጫ ሕግ ጋር አይገናኝም። አንጎል ሁሉም ክፍሉ እኩል አይበስልም። ደስታን የሚያሳድደው፣ ለአዲስ ነገር የሚቸኩለው ክፍል በአፍላነት ዘመን ሙሉ ጉልበቱን ያገኛል። ከግንባር ጀርባ ያለው፣ «ቆይ እስቲ፣ ነገስ?» የሚለው ክፍል ግን ተሠርቶ የሚያልቀው ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። አልኮል በመጀመሪያ የሚያደክመው ይኸኛውን፣ ገና በግንባታ ላይ ያለውን ነው። ቀጥሎ ትዝታ የሚመዘግበውን ክፍል ይነካል። ልጁ ቆሞ እየሄደ፣ እያወራ፣ እየዘፈነ፣ በማግስቱ ግን ከምሽቱ አንድም ነገር አያስታውስም። እንቅልፍ ወስዶት አይደለም፤ አንጎሉ መመዝገብ አቁሞ ነበር። ይህን በፈተና ሰሞን ለተማሪዎች ስነግር ፊታቸው ይለወጣል። ጥርሱ የረገፈው ፈረንጅ ያላደረገውን የትዝታው ነገር ያደርገዋል።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት የጀመሩት 21 ከሞላቸው በኋላ ከጀመሩት ይልቅ በአራት እጥፍ ያህል የመጠጥ ጥገኛ ሆነው ተገኝተዋል። እርግጥ ቀድሞ የሚጀምር ልጅ ቀድሞም የሚያስጨንቀው ነገር ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉን ነገር በጠርሙሱ ላይ አላሳብብም። ቢሆንም አራት እጥፍ በቸልታ የሚታለፍ ልዩነት አይደለም።

ሌላው የማስተምረው የመጠጡን ሒሳብ ነው። ጃምቦ ግማሽ ሊትር ይይዛል እንበል፤ ድራፍቱም አምስት በመቶ ገደማ አልኮል አለው እንበል። ሁለት ጃምቦ ወደ 40 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። የአንድ ጤነኛ አዋቂ ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው። ቡና ቢጠጣ፣ ሎሚ ቢመጥ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ቢታጠብ ጉበቱ አይፈጥንም። ታዲያ በስድስት ሰዓት እረፍት ወጥቶ ሁለት ጃምቦ የጠጣ ልጅ ከሰዓት ክፍል ሲገባ ማስቲካ ያኝካል፤ እኔ ሰሌዳው ላይ ሴል ስሥል እሱ ገና የመጀመሪያውን ጃምቦ እንኳ አልጨረሰም፤ ጉበቱ ማለቴ ነው። ኩላሊቱን እያሠራ መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ይውላል። ሽታው ሳይሆን ምልልሱ ነው የሚያሳብቅበት።

ይህ ሁሉ ግን የሚያወራው ስለ መጠጥ ብቻ ነው። የከተማችን ልጆች መጠጥን ብቻውን የሚያገኙት ከስንት አንዴ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ይቃማል። ምርቃናው ሲደርስ ልጁ ዓለም በእጁ የገባች ይመስለዋል፤ ያወራል፣ ያቅዳል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፊዚክስ በአንድ ሌሊት ለመጨረስ ይምላል። ማታ ምርቃናው አልወርድ ይላል። እንቅልፍ የለም፣ ልብ ይደልቃል፣ ግድግዳው ይጠባል። ያኔ ምርቃናውን ለመስበር ይጠጣል። ጨብሲ ይሉታል። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ወላጅ ካለ ልጁን ይጠይቅ፤ ልጁ ያውቀዋል።

የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በሥሪቱም በሥራውም የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ይዳከማል፤ ጫት የጫነ አይሱዙ እንደዚያ ሕይወት ሳይሳሳ የሚከንፈው ለዚህ ነው። ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ስለዚህ ሲቅም የዋለ ልጅ ምሳም መክሰስም አልበላም፤ የሚጠጣው ባዶ ሆድ ላይ ነው። ባዶ ሆድ የገባ አልኮል ወደ ደም ለመግባት አይዘገይም። ጉበት ደግሞ አልኮሉን በማስወገድ ሲጠመድ ለደም ስኳር የማዘጋጀቱን ሥራ ያስተጓጉላል። ቀጭን፣ ያልበላ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በድንገት ሲዘረር ሁልጊዜ «ሰከረ» ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ይህንን ማንም ስለማያውቅ ጓደኞቹ ጥግ ላይ አስተኝተውት ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ።

የበለጠ የምፈራው ግን ሌላውን ነው። ሰው ስንት እንደጠጣ የሚለካው በስሜቱ ነው፤ ሞቅ ሲለው፣ ምላሱ ሲከብድ፣ ዐይኑ ሲከደን ያቆማል። ጫት የቃመ ልጅ ዐይኑ አይከደንም። «ኧረ ምንም አላለኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ምንም አላለውም። ቢራው አልሰበረለትምና ወደ ጂን፣ ገንዘቡ ካልበቃም ወደ አረቄ ይሻገራል። የሰፈር አረቄ ደግሞ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የሚያውቀው ያወጣችው ሴት ብቻ ናት፤ አንዳንዴ እሷም አታውቅም። ሌሊት የጫቱ ጉልበት ሲያልቅ አልኮሉ ሁሉ ደም ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ልጁ በጀርባው ተኝቶ ያስመልሰዋል፣ መንቃት ግን አይችልም። በማግስቱ ከነቃም ዱካክ ይይዘዋል፤ ዱካኩን ለማባረር ደግሞ ጫት ይፈለጋል። ክቡ እንዲህ ይዘጋል።

አነቃቂን ከአልኮል ጋር ማጣመር የእኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1863 አንጄሎ ማሪያኒ የሚባል የኮርሲካ ሰው ፓሪስ ላይ የኮካ ቅጠል በወይን ጠጅ እየዘፈዘፈ መሸጥ ጀመረ። ጠጁ በአውሮፓ ገነነ፤ ሊቀ ጳጳሱ ሊዮ 13ኛ ሳይቀሩ አሞግሰውታል። አትላንታ ላይ ጆን ፔምበርተን የተባለ ፋርማሲስት ቀዳውና የራሱን የኮካ ወይን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1886 ከተማው አልኮልን ሲከለክል ወይኑን አውጥቶ በስኳር ሽሮፕ ተካው፤ ዛሬ በየሱቁ የምናየው ኮካ ኮላ የተወለደው እንዲህ ነው። ኮኬይኑ የወጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ እኔም የምነግራቸው ቀጣዩን እንዲሰሙኝ ብዬ ነው። ያ ጠጅ ሰውን እንደዚያ ያስደሰተበትን ምክንያት ሳይንስ የደረሰበት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ኮኬይንና አልኮል ጉበት ውስጥ ሲገናኙ ጉበት ከሁለቱ ሦስተኛ ነገር ይሠራል፤ ኮካኤቲሊን ይባላል። ማንም አልገዛውም፣ ማንም አልዋጠውም፣ ሻጭም የለውም። ከኮኬይኑ ይልቅ በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ በልብም ላይ ይበረታል። ኮኬይን ብቻውን እንኳ የልብን ምት እያፈጠነ ለልብ ደም የሚያደርሱትን ቧንቧዎች ያጠብባል፤ ልብ ብዙ ደም በሚፈልግበት ሰዓት ጥቂት ይደርሰዋል ማለት ነው። በዚህ ልብ ላይ ሦስተኛውን ጨምሩበት።

ጫትና አልኮልም እንዲህ ያለ ሦስተኛ ነገር ይፈጥራሉ አላልኩም። መደባበቁ ግን አንድ ነው። በኮኬይንም ጊዜ ልጁ ስካሩ አይታወቀውም፤ ኮኬይኑ ደግሞ ስሜቱ ቶሎ የሚጠፋ ነው፤ ሲጠፋ አልኮሉ ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ነው በየሰልፉ የሚዘረዘረውን የስም ብዛት ትቼ ይህን አንድ ነገር የማስተምረው። ከነገ ወዲያ ከእነዚህ ልጆች አንዱ ዱባይ ይሄዳል፣ አንዷ ዲቪ ይደርሳታል፣ አንዱ እዚሁ ሀብታም ይሆናል። የአንድ ዕፅ ስም ከመሸምደድ ይልቅ ሁለት ነገር ሲደባለቅ ስሜቱ እንደሚዋሸው ያወቀ ልጅ የትም ቢሄድ ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል።

ኮኬይን ለእኛ ፍጹም እንግዳ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም። ኮካ የሚበቅለው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምቢያ፣ ፔሩና ቦሊቪያ። ከሳኦ ፓውሎ የሚመጣው አውሮፕላን ቦሌ ያርፋል፤ ከቦሌ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ከተሞች ይበተናል። በሆዳቸው ውጠው ወይም በሻንጣ ደብቀው ሲያልፉ የሚያዙ ሰዎችን ዜና ሁላችንም ሰምተናል። እንዲህ ያለ ዕቃ በሚያልፍበት አገር ጥቂት ሳይራገፍ አይቀርም፤ በምዕራብ አፍሪካ የታየው ይኸው ነው። ስለዚህ ይጠበቅ፤ የጉምሩኩም የፖሊሱም ሥራ ይበርታ። እኔ የምለው የቦሌን በር የምንጠብቀውን ያህል የትምህርት ቤቱንም በር እንጠብቅ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ ነርስ ናት፣ ሁለት ጎረምሳ ልጆች አሏት። የእሷ ፍርሃት ከእኔ ይለያል። እዚያ ኮኬይን ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ፈንታኒል የተባለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ከፈንታኒል ደግሞ ሁለት ሚሊግራም ብቻ፣ ጥቂት የጨው ቅንጣት የሚያህል፣ ሰው ሊገድል ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ናሎክሶን የተባለውን በአፍንጫ የሚረጭ ማርከሻ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ እሷም ከመስቀሏና ከቁልፏ ጋር በቦርሳዋ ይዛ ትዞራለች። ከቤቷ ብዙ በማይርቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስለነበረው ስለ ሌን ባያስ የነገረችኝም እሷ ናት። ታላቅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1986 የቦስተን ሴልቲክስ ቡድን በምርጫው ሁለተኛ አድርጎ ወሰደው፤ ከሁለት ቀን በኋላ በኮኬይን ምክንያት ልቡ ቆመ። 22 ዓመቱ ነበር። ጤናማ ሰውነት፣ የስፖርተኛ ልብ፣ ምንም አላዳነውም።

ያስደነቀኝ ግን በዚያ ሁሉ ፍርሃቷ መሐል የነገረችኝ ሌላ ነገር ነው። በአንድ የልደት ግብዣ ላይ የትልቁን ልጇን ብርጭቆ የሞላው አንድ የሰፈር አበሻ ነው፤ «ወንድ አይደለህ እንዴ! እዚህ ቤትህ ነው» እያለ። ልጁ ለፓርቲ ከቤት ሲወጣ ቦርሳውን የምትፈትሽ እናት፣ በገዛ ድግሷ ላይ ቀጂውን «ተው» ለማለት አፍራለች።

እፍረቱ ይገባኛል። እኛ ቤትም ለልጅ መቅዳት ፍቅር ነው። ጠላ ሲጠመቅ ቅራሪው ለልጆች ነው፤ ማንም እንደ መጠጥ አይቆጥረውም። በዓል ሲመጣ አጎት «ቅመስ» ይላል፣ ልጁ ፊቱን ሲያኮማትር ይሳቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት አያኮማትርም። ሠርግ ላይ አጃቢ ሆኖ የሄደ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በሚዜዎቹ መኪና ውስጥ ውስኪ ሲዞር አይለፈው ይባላል። እኔ ጠላ ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም፤ በእጄ እጠምቃለሁ፣ ለእንግዳም እቀዳለሁ። ግን አያቶቻችን ብርዝ የሚባል ነገር ያውቁ ነበር፤ ማሩ ሳይፈላ፣ ሳያሰክር፣ ለልጅም ለማይጠጣ እንግዳም የሚቀርብ። ለማይጠጣ ሰው የክብር መጠጥ ማሰናዳት ባህላችን ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ በድግሱ ላይ ለልጆች የሚደረደረው ለስላሳ ገበታው ሲጋመስ ያልቃል፤ ቢራው ግን እስከ ንጋት አያልቅም።

አይስላንድ የምትባል ትንሽ አገር አለች፤ ብርዷና ጨለማዋ ለመጠጥ የሚገፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉት ልጆቿ 42 በመቶዎቹ ባለፈው አንድ ወር ሰክረን ነበር ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። እንዴት? ለልጆቹ ስብከት በመጨመር አልነበረም። ወላጆች በጽሑፍ ተስማሙ፤ አርብ ማታ በቡድን ሆነው ሰፈር መዞር ጀመሩ። ለልጆች የምሽት ሰዓት ገደብ በሕግ ተቀመጠ። መንግሥት ልጆች ለስፖርትና ለሙዚቃ የሚከፍሉበት ድጎማ ሰጠ። የመግዣው ዕድሜ 20 ሆኖ ሲደነገግ በእርግጥ ይጠየቅ ነበር። አገሩ ሀብታም ነው፣ ሕዝቡ ጥቂት ነው፤ እንዳለ ገልብጠን እናምጣው አልልም። የእኛ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ሕንፃ በቅሎበታል፤ ቤተ መጻሕፍቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከትምህርት ቤት በኋላ የሚቀመጥበት፣ ማንም የማያባርረው ቦታ ግሮሰሪው ነው። ያም ሆኖ አርብ ማታ ሰፈር መዞር ገንዘብ አይጠይቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች «ከለር ዴይ» እና «ክሬዚ ዴይ» ብለው ተቀባብተው በሚወጡበት ቀን የት እንደሚያመሹ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያች ቀን አሥር ወላጆች እዚያ በር ላይ ቢቆሙ ምን ያስወጣቸዋል?

ለወላጆች አንድ ተግባራዊ ነገር ልናገር። ልጃችሁ ሰክሮ ከመጣ ወይም ጓደኞቹ ተሸክመው ካመጡት በዚያ ሌሊት ቁጣ አይሠራም፤ ለነገ አቆዩት። በጎኑ አስተኙት እንጂ በጀርባው አይሁን። ብቻውን አትተዉት። ጣት አስገብታችሁ እንዲያስመልስ አታድርጉት፤ ቡናም አትጋቱት። ከተጠራ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ሰውነቱ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳትሉ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ምን እንደወሰደም እውነቱን ተናገሩ። ነገሩ ከአንድ ሌሊት ያለፈ ከሆነም ሕክምና አለ፤ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ታካሚዎችን ያያል። ጠበል የሚወስደውን ሰው አልቃወምም፤ ሁለቱም ይሁን ነው የምለው።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤታችን ትይዩ ያለውን ግሮሰሪ ባለቤት አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ያስተማርኩለት ነው፤ ባየኝ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣል። ልጆቹን እንዳይሸጥላቸው ስለምነው ዝም ብሎ ሰማኝና እንዲህ አለ፤ «ቲቸር፣ እውነትዎን ነው። ግን እኔ ዛሬ ብከለክላቸው መንገድ ተሻግረው እዚያ ይጠጣሉ። ልጆቹም አልዳኑ፣ እኔም ኪራዬን አልከፈልኩ። እኔንም እሱንም በአንድ ቀን ያስቁሙን፤ መጀመሪያ የማቆመው እኔ ነኝ።»

የስብከት ቃል አላገኘሁም፤ ምክንያቱም ትክክል ነው። ብቻውን ሕግ ያከበረ ነጋዴ ደንበኛውን ሕግ ለጣሰው ጎረቤቱ ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማስቆም የሚችለው ወረዳው ብቻ ነው፤ ወረዳው ደግሞ ለዚህ አዲስ ሥልጣንም አዲስ በጀትም አያስፈልገውም። ሁሉም ነጋዴ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ፈቃዱን ሊያድስ ይመጣል። የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል። እዚያው መስኮት ላይ አንድ ወረቀት ይጨመር፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልሸጥም፣ ከተጠራጠርኩ መታወቂያ እጠይቃለሁ፣ ሸጬ ብገኝ ፈቃዴ እንደማይታደስ አውቄያለሁ ብሎ ይፈርም። መታወቂያ የላቸውም የሚለው ሰበብ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ከመጣ ወዲህ እየሳሳ ነው። ከዚያ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ ያሉት ቤቶች በስድስት ሰዓት እረፍት፣ አርብ ማታና በከለር ዴይ ይጎብኙ፤ ተቆጣጣሪው ባለቤቱ በማያውቀው ቀን ይምጣ። የመጀመሪያው የተዘጋ ቤት ወሬው ከማንኛውም ባነር በፊት ሰፈሩን ያዳርሰዋል። ለባለ ግሮሰሪው ቃል ገብቼለታለሁ፤ ደብዳቤውን ጽፌ የወላጅ ኮሚቴው እንዲፈርምበት ሰጥቻለሁ፣ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ስናስገባም አብሮን እንደሚመጣ ነግሮኛል።